በአሮጌ ሌንስ ጥንታዊ አውሮፕላን ማንሳት፦ ችግሩ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሔው

ጎንደር የአውሮፕላን ሙዚየም የላትም። በሙዚየም የቆመ ጥንታዊ አውሮፕላንን በእጅ በሚዞር አሮጌ ሌንስ ማንሳት የተለማመድኩት ግን እዚሁ፣ ፋሲል ግቢ ውስጥ ነው። ጨለም ያለ አዳራሽ፣ በመስኮት ሰንጥቆ የሚገባ ብርሃን፣ ከፊት እስከ ኋላ ተዘርግቶ በአንድ ፎቶ አልገባ የሚል ግዙፍ ነገር፤ የሙዚየም ፈተናዎች አብዛኞቹ ቤተ መንግሥቶቹ ውስጥ አሉ። ልዩነቱ እዚህ ፎቶው ቢበላሽብኝ ነገ ተመልሼ ማንሳት መቻሌ ነው። አውሮፕላኑ ፊት የሚቆሙት ምናልባት አንድ ቀን ብቻ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳችኝ «ፀሐይ» ናት። በ1935 እ.ኤ.አ. በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበርና በኢትዮጵያውያን የሥራ ባልደረቦቹ አገራችን ውስጥ የተሠራችውና በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም የተጠራችው ይህች ትንሽ አውሮፕላን በጣሊያኖች ተወስዳ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም ስትታይ ኖራለች። በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። እንዲህ ያለ ቅርስ ፊት ቆሞ ከካሜራ ጋር መታገል ያሳዝናል። ትግሉን አስቀድመው ይጨርሱት።

የእኔ ሌንስ ከአባቴ ዜኒት ካሜራ የወጣ ሄሊዮስ 44-2 ነው፤ 58 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2። ኤፍ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ስፋት ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠብባል። የምጠቅሳቸው ምሳሌዎች ከእሱ የመጡ ናቸው።

ማንሻውን ሲጫኑ ካሜራው ዝም ይላል

አልተበላሸም። አሮጌ ሌንስ ከዲጂታል ካሜራ ጋር የሚነጋገርበት ኤሌክትሪክ ስለሌለው ካሜራው «ሌንስ አልተገጠመልኝም» ብሎ ያስባል። የካሜራውን ማውጫ ከፍተው ያለ ሌንስ ማንሳትን የሚፈቅደውን ምርጫ ያብሩ። እግረ መንገድዎን መንቀጥቀጥን የሚቀንሰው ክፍል ውስጥ ገብተው የሌንሱን ርዝመት በእጅ 58 ብለው ይሙሉ። ሳይሞሉት ከቀሩ ካሜራው የእጅዎን እንቅስቃሴ በተሳሳተ መጠን ያርመዋል፤ ፎቶውም ይብስበታል።

ቅርቡ ጥርት ይላል፣ ሩቁ በጭራሽ አይጠራም

ብዙ ሰው «ሌንሱ አርጅቷል» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ሌንሱ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የርቀት ነው። እንደ ሄሊዮስ 44-2 በክር የሚታሰሩት ኤም 42 የሚባሉ ሌንሶች ከፊልሙ 45.46 ሚሊ ሜትር ርቀው እንዲቀመጡ ሆነው ተሠርተዋል። የኒኮን ባለ መስታወት ካሜራዎች ደግሞ ለራሳቸው ሌንስ 46.5 ሚሊ ሜትር ይዘዋል። ስለዚህ ሌንሱ ከሚገባው በላይ ቢያንስ አንድ ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይወጣል፤ ያቺ አንድ ሚሊ ሜትር ሩቁን ሁሉ ታጠፋለች።

መፍትሔው የካሜራው ዓይነት ነው። የካነን ባለ መስታወት ካሜራዎች ርቀት 44 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ሌንሱን ከካሜራው ጋር ለሚያያይዘው ስስ ማገናኛ ቀለበት ቦታ ይተርፋል። ሚረርለስ የሚባሉት መስታወት አልባ ካሜራዎች ደግሞ እጅግ ምቹ ናቸው፤ የሶኒው 18፣ የኒኮን ዜዱ 16 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ የቀረው ርቀት በማገናኛው ይሞላል። በውስጡ የሌንስ መስታወት ያለው ማገናኛም ይሸጣል፤ ጥራት ስለሚቀንስ እኔ አልመክረውም።

ፍተሻው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከግቢው ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ይቁሙና የሩቅ ኮረብታ ላይ ያለ አንድ ዛፍ ይምረጡ። የሌንሱን የፎከስ ቀለበት ወደ ሩቁ እስከ መጨረሻው ያዙሩ። ዛፉ ሳይጠራ ቀለበቱ ከቆመ ማገናኛው ወፍራም ነው። ዛፉ ጠርቶ ቀለበቱ ትንሽ ካለፈ ማገናኛው ቀጭን ነው፤ ይህኛው ችግር የለውም፣ ሌንሱ ላይ የተጻፈውን የሜትር ቁጥር ብቻ አይመኑ።

በካሜራው ስክሪን ጥርት ያለው ኮምፒውተር ላይ ፈዛዛ ይሆናል

በትንሹ ስክሪን ሁሉ ነገር ያማረ ይመስላል። ቤት ገብተው ሲከፍቱት የአብራሪው መቀመጫ ፈዝዞ ከኋላው ያለው ሽቦ ጠርቷል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የጠራውን ጠርዝ በቀለም የሚያሳየው የካሜራው እገዛ ሌንሱ በሰፊው ሲከፈት በጣም ቸር ነው፤ ያልጠራውንም ይቀባል። ሁለተኛ፣ 58 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 2 ተከፍቶ 3 ሜትር ላይ ሲያነጣጥር በሙሉ ፍሬም ካሜራ (ብርሃን ተቀባዩ ሴንሰር የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል በሆነበት) ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ወደ ኤፍ 8 ሲጠበብ ወደ 1.3 ሜትር ይሰፋል። አውሮፕላን ግን ከዚያም ይረዝማል።

እኔ ይህን የተማርኩት በፋሲል ቤተ መንግሥት የውጭ ደረጃ ላይ ነው። ከግርጌው ቆሜ አንዱን ደረጃ እመርጣለሁ፤ የድንጋዩን ጠርዝ በስክሪኑ አጉልቼ ፎከሱን አስተካክዬ አነሳለሁ። ከዚያ ፎቶውን ከፍቼ የጠሩትን ደረጃዎች አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። በኤፍ 2 የመረጥኩት ጠርቶ ጎረቤቶቹ ቶሎ ይሟሟሉ። በኤፍ 8 በርከት ያሉት ይተርፋሉ። ይህን ልምምድ አሥር ጊዜ የደጋገመ ሰው አውሮፕላን ፊት ሲቆም ከፕሮፔለሩ እስከ ጅራቱ የቱ እንደሚጠራለት ሳያነሳ ያውቀዋል።

እንግዲህ መፍትሔው፦ በቀለሙ እገዛ ግምቱን ይያዙ፣ በማጉያው ይወስኑ። ፎከሱንም በሚያነሱበት የኤፍ ቁጥር ላይ ያስተካክሉ፤ አንዳንድ አሮጌ ሌንስ ሲጠበብ የጠራበት ቦታ ጥቂት ይንሸራተታል። ሙሉው አውሮፕላን እንዲጠራ ከመመኘት አንድ ነገር ይምረጡ፤ የፕሮፔለሩን እምብርት፣ ወይም የመንኮራኩሩን ጎማ። በእኔ ዓይን ጥሩ የአውሮፕላን ፎቶ የሚገኘው ከእንዲህ ዓይነቱ ምርጫ ነው።

ፎቶው ወተት የፈሰሰበት ይመስላል

ጥቁሩ ግራጫ ሆኗል፣ ቀለሙ ሞቷል። በተለይ መስኮት ወይም የአዳራሽ መብራት ከፊት ሲኖር ይብሳል። የድሮ ሌንሶች ነጸብራቅን የሚከላከለው ሽፋናቸው እንደ ዛሬዎቹ የበረታ ስላልሆነ ከጎን የገባ ብርሃን ውስጣቸው ይናኛል። በመጀመሪያ እጅዎን ከሌንሱ በላይ እንደ ቆብ ጥላ ዘርግተው ይሞክሩ። ፎቶው ወዲያው ከተሻሻለ የሚያስፈልገው የሌንስ ጥላ ነው፤ ሄሊዮስ 44-2 የ49 ሚሊ ሜትር ይወስዳል።

ካልተሻሻለ ወደ ውስጥ እንይ። ክፍሉን አጨልመው፣ ቀዳዳውን በሰፊው ከፍተው፣ የስልክዎን መብራት በሌንሱ አንድ ወገን አስገብተው በሌላው በኩል አግድም ይመልከቱ። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት አያስጨንቅዎ። ከጠርዙ የሚነሳ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ቅርንጫፍ ካዩ ግን ሻጋታ ነው። የእኔን ያገኘሁት እንዲሁ ነው፤ ሌንሱ ስንት ክረምት ከቆዳ ቦርሳው ሳይወጣ ሣጥን ውስጥ ኖሯል። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ጨለማና እርጥበት ደግሞ የሻጋታ ቤት ናቸው። ቶሎ ከተደረሰበት ባለሙያ ፈትቶ ያጸዳዋል፤ ከቆየ መስታወቱን ስለሚበላ ምልክቱ አይለቅም። ከዚያ በኋላ ከቆዳ ቦርሳው አውጥተው፣ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር ያስቀምጡት።

አውሮፕላኑ ጠቁሮ ወጣ

የካሜራው መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ይጎትታል። የፋሲል ግቢ ጥቁር ድንጋይ ፍሬሙን ሲሞላው ከሚገባው በላይ ያነጣዋል፤ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ክንፍ ደግሞ ያጠቁረዋል። በካሜራው የብርሃን ማስተካከያ ለድንጋዩ አንድ እርከን ይቀንሱ፣ ለክንፉ አንድ እርከን ይጨምሩ። ለክንፉ ነጸብራቅ ፖላራይዘር ማጣሪያ ገዝተው ከሆነ ግን ብዙ ተስፋ አይጣሉበት፤ ከመስታወትና ከቀለም የሚመለሰውን ብርሃን ይቀንሳል እንጂ ከራቁት ብረት የሚመለሰውን አያጠፋም። አንድ እርምጃ ወደ ጎን መቆም ይበልጣል።

ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ወይም ጥቁር መስመር ያቋርጠዋል

የሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ፍጥነት ከሌንሱ ርዝመት እንዳያንስ ያድርጉ፤ ለ58 ሚሊ ሜትር ቢያንስ 1/60 ሰከንድ፣ ሴንሰሩ አነስተኛ ከሆነ 1/100። ብርሃን ካነሰ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ወደ 1600 ወይም 3200 ይውሰዱ። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ በብዙ ሙዚየም አይፈቀድም። የደብረ ብርሃን ሥላሴን የጣሪያ መላእክት ሳነሳ ግድግዳው ራሱ ሥዕል ስለሆነ መደገፍ የለም፤ ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ፣ ትንፋሼን አውጥቼ ሲያበቃ እጫናለሁ። ፍላሽም አላበራም። አውሮፕላን አጠገብም ልማዱ ይህ ይሁን።

መስመሩ ከመብራቱ ነው። የእኛም የጣሊያንም ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑ አንዳንድ አምፖል በሰከንድ መቶ ጊዜ ይርገበገባል። ድምፅ አልባውን ሹተር አጥፍተው በሜካኒካሉ፣ በ1/100 ያንሱ።

የቀረው

የሚያብረቀርቁት የክንፍ ምስማሮች ዙሪያ ሐምራዊ ጠርዝ ከወጣ ሌንሱን ወደ ኤፍ 5.6 ያጥብቡት። የፎከስ ቀለበቱ በጎንደር ማለዳ ብርድ አልዞር ካለ ግራሶው ደርቋል፤ የቤት ዘይት ጠብ እንዳያደርጉበት፣ ወደ ቀዳዳው ምላጮች ወርዶ ያጣብቃቸዋል። ፎቶው ሁሉ ቢጫ ከሆነና ሌንሱ እንደ ሱፐር ታኩማር 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ያለ ቶሪየም የተባለ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር በመስታወቱ የገባበት ከሆነ፣ መስታወቱ ራሱ በዘመን ብዛት ቢጫ ሆኗል። ለሳምንታት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ያስቀምጡት፤ ቀስ በቀስ ይነጣል። ከኋላው ግን የአሉሚኒየም ፎይል ያልብሱት፤ ሌንስ ፀሐይን ሰብስቦ መጋረጃ ያቃጥላል።