ሦስት እጥፋት ብቻ የምታውቅ እጅ፦ ከወረርሽኝ በኋላ ሰውን ወደ ሥራ ስንመልስ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ሲነገር አዲስ አበባ ውስጥ የልብስ ስፌት አሠልጣኝ ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። ወር ሳይሞላ የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ታክሲ በግማሽ ጫነ፣ ሠርግ ቀረ፣ ሆቴሎች አስተናጋጆቻቸውን ወደ ቤት ሰደዱ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሰውን ወደ ሥራ የመመለስ ዘመቻ ደግሞ ወረዳ ተዛውሬ ሠራሁበት። አሠልጥነናል፣ አደራጅተናል፣ ብድር አመቻችተናል። ልባችን ክፉ አልነበረም። ያም ሆኖ ያበላሸነውን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል፤ በተለይ ዛሬ ከጦርነት ሸሽቶ ለመጣው፣ ከሳዑዲ ለተመለሰው፣ የኑሮ ውድነት ሱቁን ላዘጋው ሰው በዚያው በለመድነው መንገድ ስንሄድ ሳይ። የወረዳ ባለሙያዎች፣ የኮሌጅ አሠልጣኞች፣ የሠፈር ኮሚቴዎች ብታነቡልኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሥራው የት እንዳለ ሳያዩ ሥልጠና መክፈት

የስህተቶቹ ሁሉ እናት ይህች ናት፤ እኔም በእጄ ሠርቻታለሁ።

በ2012 ክረምት 22 ሴቶች ተመልምለው መጡልኝ። አብዛኞቹ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ፣ ልብስ አጥበው የሚያድሩ ነበሩ። ትእዛዙ አጭር ነበር፦ ማስክ መስፋት አስተምሪ። ጨርቁን በልክ መቁረጥ፣ ሦስት እጥፋት ማጠፍ፣ ጠርዙን ቀጥ አድርጎ መስፋት፣ ላስቲኩን መትከል። በአምስት ቀን ቻሉት። ፔዳል ረግጠው የማያውቁ እግሮች ማሽኑን ሲያስሮጡት ሳይ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ፎቶ ተነሣን፣ ሪፖርት ተጻፈ።

በዓመቱ የፋብሪካ ማስክ በየሱቁና በየፋርማሲው ሞላ፤ ቆይቶም ማስክ የሚያደርግ ሰው ራሱ ጠፋ። ከሴቶቹ አንዷ፣ እናቴ የምትሆን ሴት፣ ቢሮ ድረስ መጣች። «ልጄ» አለችኝ፣ «እጄ ሦስት እጥፋት ብቻ ነው የሚያውቀው። ቀሚስ አምጥተው ስፊ ቢሉኝ ከየት እንደምጀምር አላውቅም።» እውነቷን ነው። ልክ መውሰድ አላስተማርኳትም። ቅድ አላሳየኋትም። ኮሌታና ዚፕ መግጠም የሚባል ነገር በእኔ ክፍል አልተነሣም።

ይበልጥ የሚቆጨኝ ግን ሥራው በአጠገባችን እንደነበረ ሳስብ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 የትምህርት ዘመን ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የደንብ ልብስ ማቅረብና ምገባ ጀምሮ ነበር። ትምህርት ቤቶች በ2013 ሲከፈቱ ያ ሁሉ ልጅ ሸሚዝና ሱሪ ይፈልጋል። ኮሌታና ዚፕ የምታውቅ ሴት ለዚያ ሥራ ቅርብ ናት፤ ማስክ ብቻ የምታውቅ ግን በሩ ጋ ትቀራለች። ግዥውም ሥልጠናውም የአንድ ከተማ አስተዳደር ነው፤ እኛ ግን ተገናኝተን አልተነጋገርንም።

በአንጻሩ የምገባ እናቶችን ተመልከቱ። እዚያ ሥራው ቀደመ፦ ልጆች ቁርስና ምሳ መብላት አለባቸው፣ ስለዚህ እናቶች ተደራጅተው ያበስሉላቸዋል፤ ሥልጠናው ከምግቡ ጋር መጣ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሥራቸው ቆመ፣ ሲከፈት አብሮ ተከፈተ። ማንም «ገበያ ፈልጉ» ብሎ ሜዳ ላይ አልጣላቸውም። ወረዳም ክፍለ ከተማም በራሳቸው ትልቅ ገዢ ናቸው፦ ጽዳት፣ የወንበርና የበር ጥገና፣ የመንገድ ድንጋይ ንጣፍ፣ የስብሰባ ምግብ። ሥልጠና ከመክፈታችን በፊት ለዚህ ሥራ ገንዘብ የሚከፍሉ ሦስት ገዢዎችን በስም መጻፍ ካልቻልን ሥልጠናው ይቆይ። በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲቋቋም ሥልጠናና ሥራ ማገናኘት ከላይ አንድ ጣሪያ ሥር ገብተዋል፤ ታች ግን አሠልጣኙ በአንድ በኩል፣ ሥራ የሚያገናኘው በሌላ በኩል ሆነው ወሬ እንኳ የማይለዋወጡበት ቦታ ብዙ ነው።

መዝገብ ላይ ያለውን ብቻ መርዳት

ወረርሽኙ እንደገባ ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ፤ መንግሥት እስከ 2007 የነበረ የቆየ የግብር ዕዳ ሰረዘ። ለተበዳሪውና ለግብር ከፋዩ ትልቅ እፎይታ ነበር። ጉልት ላይ ቲማቲም የምትደረድረው፣ ማታ ማታ በቆሎ የምትጠብሰው፣ ሊስትሮው፣ ተላላኪው ግን ባንክም ግብር ቢሮም አያውቃቸውም። እነሱን ሊያያቸው የሚችለው የቅርቡ አስተዳደር፣ ወረዳው ነው። እኛ ደግሞ ምን አልናቸው? «ንግድ ፈቃድ አምጡ።»

ለእነዚህ ሰዎች ምስክሩ እድር ነው። የእድር ሰብሳቢ የማን ቤት ጭስ እንደማይወጣ፣ ማን ከሥራው እንደተፈናቀለ፣ ማን ደግሞ ሁለት ቤት እያከራየ «ችግረኛ ነኝ» እንደሚል ከእኛ ፎርም በላይ ያውቃል። ምልመላው ከእድሩና ከጎረቤት ጋር በአደባባይ ይሁን፤ ስሙ ይነበብ፣ ቅሬታ ያለው ይናገር። ድጋፍ ያገኘችውን ሴት ደግሞ በማግስቱ የግብር ሠራተኛ አይላክባት። ያን ያደረገ ቢሮ አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የዚያ ሠፈር ጉልቶች የወረዳ ባጅ ያየ ሰው ሲመጣ ሸራቸውን እየሰበሰቡ ይሮጡ ነበር።

የወደቀውን ባለሙያ እንደ ጀማሪ መቁጠር

ዘጠኝ ዓመት ምግብ ቤት ያስተዳደረች ሴት «ሥራ ፈጠራ ምንድን ነው?» በሚል ሥልጠና ላይ ሦስት ቀን ተቀምጣ አይቻለሁ። ደብተሯን አልከፈተችም። የሚያስፈልጋት ያልተከፈለ የቤት ኪራይ የሚራዘምበት መንገድና የሸጠቻቸውን ሁለት ብረት ድስቶች መተካት ነበር። በዚያ ምትክ ሌላ ብድር ስንሰጣት በዕዳ ላይ ዕዳ ጫንንባት።

ከአረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችንም ላይ ይኸው ይደርሳል። በ2014 መጋቢት ኢትዮጵያና ሳዑዲ ከ100,000 በላይ ዜጎችን ለመመለስ ከተስማሙ ወዲህ በየወረዳው ስማቸው ይመዘገባል፤ አረብኛ የምትናገር፣ ለትልቅ ቤተሰብ ስታበስል የኖረች፣ አረጋዊ ስትንከባከብ የኖረች ሴት ዶሮ እርባታ ሥልጠና ላይ ትመደባለች። መጀመሪያ «ምን ትችያለሽ?» ብንላትስ? የምትችለውን በብቃት ምዘና አስመዝኖ ማረጋገጫውን በእጇ ማስያዝ ከአዲስ ሥልጠና ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። የአሥራ አምስት ቀን «ተሳትፋለች» የሚል ወረቀትና ሲኦሲ፣ ማለትም የብቃት ምዘና ማረጋገጫው፣ አንድ አለመሆናቸውንም ከመጀመሪያው እንንገራቸው፤ ቀጣሪው በር ላይ ሲደርሱ ከሚያፍሩ።

በግድ ማደራጀት

ሼድ (የመሥሪያ ቦታ) ወይም ብድር ለማግኘት አምስት ሰው ይፈለጋል ሲባል፣ አንዱ ሠራተኛ የእህቱን፣ የአጎቱን ልጅና የሁለት ጓደኞቹን ስም አምጥቶ ይሞላል። በወሩ ሼዱ ውስጥ የምታገኙት እሱን ብቻውን ነው። የቡድን ዋስትናው ሲመጣ ግን ሥራውን አይተው የማያውቁት አራቱ ይያዛሉ፤ ቤተሰብ የተቀያየመበት ነው። ብቻውን መሥራት የሚፈልግ ብቻውን ይሥራ። ማኅበር የሚያምረው ቀድሞ በዕቁብ ወይም በሥራ የተዋወቁ ሰዎች ላይ ነው።

የተገለበጠ የንግድ ዕቅድ

ይህችን በዝርዝር ልናገራት። ለከተማ ድሆች የተዘረጋው ድጋፍ፣ የከተማ ሴፍቲኔት፣ ሲጀመር ተጠቃሚው ለሦስት ዓመት በአካባቢ ልማት ላይ ይሠራል፤ የሥራ ቀኑ ከዓመት ዓመት ይቀንሳል፣ ከክፍያውም 20 በመቶ ይቆጠባል። ሲመረቅ ለንግድ መነሻ 500 ዶላር ያህል በብር ይሰጠዋል። አሠራሩ ጥሩ ነው። ከወረርሽኙ ወዲህም ወጣቶችን ለልምምድ መላክ ተጨምሮበት ከ80 በላይ ከተሞች ደርሷል።

ችግሩ ያለው የመነሻው ገንዘብ ሊለቀቅ ሳምንት ሲቀረው ነው። ዕቅድ ካልተያያዘ ገንዘብ አይለቀቅም፤ ባለሙያው ደግሞ በአንድ ሳምንት የመቶ ሰው ዕቅድ ማዘጋጀት አለበት። አንድ ቀን የፋይል ክምር ሳገላብጥ አርባ ዕቅዶች አገኘሁ፤ አርባውም ባልትና። በርበሬው በኪሎ የተገዛበት ዋጋ፣ የወፍጮው ወጪ፣ ትርፉ ሳንቲም ሳይዛነፍ አንድ ነው፤ የተለወጠው ስሙ ብቻ። በአንዱ ላይ እንዲያውም የቀድሞዋ ሴት ስም ሳይጠፋ ቀርቷል። አርባ ሰው በአንድ ቀበሌ ውስጥ በርበሬ ቢያዘጋጅ ማን ለማን ይሸጣል?

ለንግድ ዕቅድ ሦስት ዓመት አለን። ሰውየው ቁጠባ ሲጀምር «በዚህ ገንዘብ ምን ልትሠራበት አስበሃል?» ብሎ መጠየቅ፣ በሁለተኛው ዓመት በትንሹ ሞክሮ እንዲያየው ማድረግ፣ ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ዋጋ እንዲጠይቅ መላክ ይቻላል። ማንበብ የማይችል ከሆነ እሱ ይናገር፣ ባለሙያው ይጻፍ፤ ቃሉ ግን የእሱ ይሁን።

ሰኔ ላይ መሮጥ

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ስለዚህ የዓመቱ ሥልጠና በግንቦትና በሰኔ ይታጨቃል። አዳራሽ ይጠፋል፣ አሠልጣኝ ይጠፋል፣ የሦስት ወሩ በአሥር ቀን ያልቃል። መስከረም ላይ መጀመር ነው መድኃኒቱ።

የእናቶች ሰዓትም እንዲሁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ሥልጠና የምንጠራት ሴት ልጇን የት ጥላ ትምጣ? ማቆያ ከሌለ የከሰዓት ክፍል ይከፈት፤ ካልሆነም ጥግ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ልጆቹ እዚያው ይቀመጡ። እኔ ክፍል ውስጥ ሁለት ሕፃናት በጨርቅ ክምር ላይ ተኝተው ነበር የሚውሉት፤ እናቶቻቸው አንድ ቀን አልቀሩም።

የሠለጠነውን ቆጥሮ መዝጋት

ሪፖርታችን «ለይህን ያህል ዜጎች የሥራ ዕድል ተፈጠረ» ይላል። የሦስት ሳምንት ቀን ሥራም ቋሚ ቅጥርም አንድ መስመር ላይ ሲደመሩ አይቻለሁ። በዓመቱ ስልክ ደውሎ «አሁንስ ምን ትሠራለህ?» የሚል ግን የለም፤ ቅጹ ላይ ቦታ አልተሰጠውም። ባለሙያው ቅጹን እስኪቀይሩለት አይጠብቅ፤ አንድ ደብተርና ሁለት ቀን ይበቃዋል።

እኔ የደወልኩት ዘግይቼ ነው። ከ22ቱ ስልኮች 13 ተነሡ። ሁለቱ ትምህርት ቤት ምገባ ገብተዋል፣ አንዷ ቤይሩት ናት፣ ዘጠኙ ወደ እንጀራውና ወደ ልብስ አጠባው ተመልሰዋል። ስፌት ላይ ያለችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም የጎረቤቷ ልብስ ሰፊ ቅድ አስተምሯት ነው። ያቺ ቢሮ ድረስ የመጣችው እናትም ስልኳን አነሣች። ስሜን ስነግራት ጥቂት ዝም አለችና «ማሽኑ አሁንም አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ቁልፉን አስፈቅጄ ክፍሉን ከፈትኩላት፤ ስድስት ሆነው መጡ፣ በኮሌታ ጀመርን።