መብራት ሲሄድ ሶላሩ የጎረቤት አምፖል ካበራ

ክረምት ሲገባ ከደብረ ማርቆስም ከፍኖተ ሰላምም የሚደወልልኝ ስለ አንድ ነገር ነው። ነጎድጓዱ መብራት ይወስዳል፣ ባለቤቱ ኢንቨርተሩን (የሶላሩን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረውን ዕቃ) ያስነሳል፣ ከዚያ ጣጣው ይጀምራል።

ምልክት፦ ኢንቨርተሩ ጮሆ ይጠፋል፤ አንዳንዴም የጎረቤት አምፖል ፈዘዝ ብሎ ይበራል።

ምክንያት፦ ቼንጅ ኦቨር (ቤቱን ከዋናው መብራት ወደ ሶላር የሚያዞረው ማብሪያ) የለም። በሁለቱም ጫፉ ስፒና ያለው ኬብል ከኢንቨርተሩ መጥቶ ግድግዳው ሶኬት ላይ ተሰክቷል፣ ዋናው ብሬከርም አልወረደም። ስለዚህ የእናንተ 220 ቮልት በቆጣሪው በኩል ወጥቶ ሰፈሩን ሁሉ ለማብራት ይታገላል። የባሰው ትራንስፎርመሩ ጋ ነው፤ 15,000 ቮልት የሚያወርደው ዕቃ ከታች ሲመገብ መልሶ ወደዚያው ያወጣዋል። መብራት የለም ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ የሚነካው ይህንን ነው።

መፍትሄ፦ ኬብሉን ቆርጣችሁ ጣሉት። «ብሬከሩን ማውረድ አልረሳም» የሚለኝን አልሰማም፤ እሱ በሌለበት ሌላ ሰው ያነሳዋል። 1–0–2 የሚል፣ አንዱን ምንጭ ሳይለቅ ሌላውን የማይዝ ቼንጅ ኦቨር አስገጥሙ። ለአንድ ፌዝ ባለ ሁለት ፖል (ሁለት ሽቦ የሚያቋርጥ)፣ ለሦስት ፌዝ ባለ አራት ፖል ይሁን፤ ኒውትራሉም (የከረንቱ መመለሻ ሽቦ) አብሮ መቆረጥ አለበት።

ምልክት፦ ወደ ሶላር ሲዞር አርሲዲው (ከረንት ሲያፈስ መብራቱን የሚቆርጠው መከላከያ) ይወድቃል።

ምክንያት፦ የሚቀያየረው ፌዙ ብቻ ነው፣ ሁለቱ ኒውትራሎች አንድ ላይ ታስረዋል። የሄደው ከረንት በሄደበት አይመለስም፤ አርሲዲው ደግሞ የ30 ሚሊአምፔር ልዩነት ካየ ይወርዳል። አርሲዲውን አልፈው ቀጥታ የሚያስሩ ባለሙያዎች አጋጥመውኛል፤ ያ ጥገና አይደለም። ኒውትራሎቹን ለያዩ።

ምልክት፦ በሶላር ጊዜ ፍሪጁ ይነዝራል፣ አርሲዲው ግን ዝም ነው።

ይሄኛው አታላይ ነው፤ የመሞከሪያ ቁልፉን ስትጫኑት በደንብ ይወድቃልና። ቁልፉ የሚፈትነው አርሲዲውን ራሱን እንጂ ኧርዙን (ወደ መሬት የሚወርደውን ሽቦ) አይደለም። ኢንቨርተሩ ብቻውን ሲሠራ ኒውትራሉ ከኧርዝ ጋር ካልተያያዘ፣ ያፈሰሰው ከረንት መመለሻ የለውም። የፍሪጁ ኧርዝ ሽቦ መሬት ከተቀበረው ዘንግ ጋር መገናኘቱን በሜትር ለኩ። ቀጥሎ፣ የኢንቨርተሩ መመሪያ ከፈቀደ፣ ኒውትራሉንና ኧርዙን ከቼንጅ ኦቨሩ በፊት፣ በኢንቨርተሩ በኩል፣ አንድ ቦታ ብቻ አያይዙ። ይህን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው።

ቼንጅ ኦቨሩ ከጋለ ወይም ከሸተተ ብሎኑ ላልቷል፣ አለዚያም ምጣድ ተጭኖበታል። የ4 ኪሎዋት ምጣድ ብቻውን 18 አምፔር ይወስዳል። ከሶላሩ ቦርድ አውጡት፤ ሊጡ መብራት እስኪመጣ ይጠብቅ።