ከተለያየ ዕቃ አንድ ሊድ ጊታር፦ ከካቻቢቴ በፊት ማስመሪያ

ኤሪክ ክላፕተን እ.ኤ.አ. በ1970 ናሽቪል ውስጥ ያገለገሉ ስትራቶካስተር የተባሉ የፌንደር ጊታሮች ገዝቶ፣ ከሦስቱ ምርጥ ምርጡን ለቅሞ አንድ ጊታር አስገጠመ። «ብላኪ» የተባለው ያ ጊታር በ2004 ለጨረታ ቀርቦ 959,500 ዶላር አወጣ። ምሳሌው ደስ ቢልም ያታልላል። ሦስቱም የአንድ ሞዴል ጊታሮች ስለነበሩ ቪቴው ቀዳዳውን ያውቀዋል። ቦዲው ከአንዱ፣ አንገቱ ከሌላው፣ ብሪጁ፣ ማለትም ቦዲው ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት፣ ደግሞ ዘመድ በሻንጣ ካመጣው ዕቃ ሲሆን ግን ማንም ማንንም አያውቅም። ዕቃው ከውጭ በሰው እጅ የሚመጣ ከሆነ መልሶ መቀየር ስለማይታሰብ፣ ሻጩ ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጦ ፎቶ እንዲያነሳላችሁ ጠይቁ።

መጀመሪያ የሚለካው አንገቱ ነው። ከነቱ፣ ማለትም ክሩ ከመቃኛው ወርዶ ከሚያርፍባት ቁራጭ፣ እስከ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች ፍሬት ይባላሉ) ለኩና በሁለት አባዙት። 324 ሚሊ ሜትር ከመጣ ሙሉው የክር ርዝመት 648 ነው፤ ይህ የፌንደር ልክ ነው። 314 ገደማ ከሆነ 628፣ የጊብሰን ልክ ነው። የብሪጁን ቦታ የሚወስነው ይህ ቁጥር ብቻ ነው፤ ቦዲው ላይ ቀድሞ የተበሳው ቀዳዳ ምንም ቢል አትስሙት። ሁለቱ ልኮች በ20 ሚሊ ሜትር ይለያያሉ፤ ሳድል፣ ማለትም ብሪጁ ላይ እያንዳንዱ ክር የሚያርፍባት ቁራጭ፣ በቪቴ ወደፊትና ወደኋላ የሚሄድበት ቦታ ያን ያህል አይሆንም። ቦታው የተሳሳተ ብሪጅ ደግሞ ምንም ቢቃኙት 12ኛው ፍሬት ላይ ይዋሻል።

ቀጥሎ አንገቱ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ይለካል። የፌንደር ዓይነቱ ወርዱ 56 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱ 16 ገደማ ነው። ወጥመዱ ግን ቅርጹ ላይ ነው፤ የስትራቶካስተር አንገት መጨረሻው ክብ ሲሆን የቴሌካስተር፣ የሌላው የፌንደር ሞዴል፣ ቀጥ ያለ ነው። ክቡን ቀጥ ባለው ጎድጓዳ ማስገባት ይቻላል፤ ጥጎቹ ላይ ክፍተት ቢያሳይም ድምፁን አይጎዳም። ቀጥ ያለውን በክቡ ማስገባት ግን ጎድጓዳውን ሳይቆርጡ አይሆንም። ጠበብ ካለ በመዶሻ አታስገቡት፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እንጨቱ ሳይሆን የተደራረበው ቀለም ነው፣ በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ግድግዳውን ፈግፍጉት። ጎን ለጎን ግማሽ ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢኖር አያስጨንቅም።

ተረከዙ፣ ማለትም ጎድጓዳው ውስጥ የሚገባው የአንገቱ ክፍል፣ ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከቦዲው 9 ሚሊ ሜትር ያህል ብቅ ይላል። የስትራቶካስተርና የቴሌካስተር ብሪጆች የተሠሩት ለዚህ ከፍታ ነው። ቱን-ኦ-ማቲክ የሚባለው የጊብሰን ብሪጅ ግን ቁመታም ስለሆነ ወደኋላ ያዘነበለ አንገት ይፈልጋል። ቀጥ ባለ ጎድጓዳ ላይ ካስቀመጣችሁት እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጋችሁትም ክሩ ከፍሬቱ ርቆ ይቀራል። ለመጀመሪያ ጊታር ይህን ጥምረት ባትሞክሩት ይሻላል።

አሁን ሁሉንም ነገር የሚወስነው ሥራ፦ ማስመር። አንገቱን በሞርሳ፣ በጨርቅ ለብጣችሁ፣ ቦታው ላይ ያዙት። ሁለት የልብስ ስፌት ክሮች ከነቱ ዳርና ዳር ጥርሶች ወደ ብሪጁ ዳርና ዳር ሳድሎች ወጥሩ። መጨረሻው ፍሬት ላይ ክሮቹ ከአንገቱ ጠርዝ በሁለቱም ወገን እኩል፣ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ መራቅ አለባቸው። በአንድ ወገን 1፣ በሌላው 5 ከሆነ 1 ብቻ የራቀው ክር ስትጫወቱ ከፍሬቱ ይወድቃል። ብሪጁን ወይም አንገቱን ፀጉር ታህል አንቀሳቅሱና ደግማችሁ እዩ። ርዝመቱን ስታስተካክሉ የቀጭኑ ክር ሳድል ወደፊት ሊሄድበት ከሚችለው ጫፍ አጠገብ ሆኖ፣ በፌንደር ልክ ከሆነ 648 ላይ ይቁም፤ ወፍራሙ ክር ሲቃኝ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ወደኋላ ስለሚሸሽ ቦታ ይፈልጋል። እርሳስ የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው።

የአንገቱ ቪቴ ውፍረቱ 4.2፣ ርዝመቱ 45 ሚሊ ሜትር ነው። ቦዲውን በ4.5 ፑንታ ብሱት፤ ቪቴው እዚያ በነጻ ማለፍ አለበት። ቦዲው ላይ ከነከሰ አንገቱን ወደራሱ አይስብም፣ መሐል ላይ የማይታይ ክፍተት ይቀራል። አንገቱን በ3.2 ፑንታ ብሱ። ጥልቀቱ ይሰላል፦ ቦዲው 44 ሆኖ ጎድጓዳው 16 ሲቀነስ 28፣ ከቦዲው ጀርባ ቪቴዎቹ የሚያርፉበት የብረት ሳህን 2፣ ከ45ቱ ቪቴ አንገቱ ውስጥ የሚገባው 15 ነው። ፑንታው ላይ 17ኛው ሚሊ ሜትር ላይ ፕላስተር ጠቅልሉ፤ ፕላስተሩ እንጨቱን ሲነካ ወዲያው አቁሙ። አለበለዚያ የጣት ሰሌዳውን በስታችሁ ትወጣላችሁ። ቪቴውን ደረቅ ሳሙና ላይ አሹት፣ ሜፕል ጠንካራ ስለሆነ ደረቅ ቪቴ ውስጡ ተበጥሶ ይቀራል።

የድሮ ቀዳዳ ከአዲሱ ጋር በግማሽ ሲገጣጠም ፑንታው ወደ ለስላሳው ይሸሻል። ስለዚህ የድሮውን በወይራ ወይም በሌላ ጠንካራ እንጨት ታኮና በኮላ ድፈኑት፣ አሳድራችሁ ብሱ። የጥርስ እንጨት ለብሪጅና ለፕላስቲክ ሽፋን ትንንሽ ቪቴዎች ይበቃል፣ ለአንገት ግን አይሆንም። ባለ ስድስት ቪቴው የድሮ ዓይነት ብሪጅ ከዳር ቪቴ እስከ ዳር ቪቴ 56 ሚሊ ሜትር ሲሆን ብዙ ርካሽ ብሪጆች 52.5 ናቸው፤ ስለዚህ ድፈና አይቀርም። መቃኛዎችም እንዲሁ ናቸው፦ ለዘመናዊዎቹ 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያስፈልጋል፣ የድሮዎቹ ከ9 በታች ነው። ትልቁን ቀዳዳ የሚያጠብ የብረት ቀለበት ይሸጣል።

ኤሌክትሪኩ ላይ የሽቦ ቀለም አትመኑ። ፒክአፕ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል፤ ሐምበከር ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ ነው። ሲሞር ደንከን የሚባለው ኩባንያ ሐምበከር ላይ ጥቁሩ ሲግናል ሲሆን ቀይና ነጩ እርስ በርስ ይታሰራሉ፤ ዲማርዚዮ ላይ ግን ቀዩ ሲግናል ነው፣ የሚታሰሩት ጥቁርና ነጩ ናቸው። አረንጓዴው በሁለቱም ግራውንድ ነው። ያልታወቀ ፒክአፕ ከሆነ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ የሽቦ ጥንዶቹን ፈልጉ፤ ሐምበከር ብዙ ጊዜ በየጥቅሉ 4 ኪሎ ኦም አካባቢ ያነባል። ከዚያ ባለ መርፌ ቴስተር ላይ እንደተያያዘ የብረት ካቻቢቴ ፒክአፑ ላይ ጣል አድርጉ። መርፌው በአንዱ ፒክአፕ ወደ ቀኝ፣ በሌላው ወደ ግራ ከዘለለ ሁለቱ አብረው ሲከፈቱ ድምፁ ቀጥኖ አፍንጫ አፍንጫ ይላል፤ የአንዱን ሁለት ሽቦ ማቀያየር ይበቃል። የቴሌካስተሩ የአንገት ፒክአፕ የብረት ክዳን ካለው ግን መጀመሪያ ክዳኑን ከግራውንዱ ሽቦ ለዩና በራሱ ሽቦ ወደ ግራውንድ ውሰዱት።

ለነጠላ ጥቅል ፒክአፕ 250 ኪሎ ኦም ፖት (የድምፅና የቶን መቆጣጠሪያ)፣ ለሐምበከር 500። ካፓሲተሩ 0.047 ወይም 0.022 ማይክሮፋራድ ነው፤ ሁለተኛው ለሐምበከር ይመቻል። የፖቱን ጀርባ በብርጭቆ ወረቀት ፋቁት፣ ከ40 ዋት ያላነሰ ካውያ ተጠቀሙ። ደካማ ካውያ የብየዳ ሊዱ እስኪቀልጥ ብዙ ስለሚቆይ ፖቱን ውስጡን ያቃጥለዋል። ቧንቧና ቆርቆሮ ሠሪ የሚጠቀምበት አሲድ ያለው ቅባት እዚህ አይገባም፣ ሽቦውን ይበላዋል። ከብሪጁ ሥር አንድ የተላጠ ሽቦ ወደ ግራውንድ ይሂድ፤ ክሩንና የጃኩን ውጫዊ ብረት በቴስተር ስትነኩ ዜሮ አካባቢ ማንበብ አለበት።

ክር ስትነኩ ጉርምርምታው ቢቀንስ ሥራው ደህና ነው። ስትነኩ ቢብስ የጃኩ ሁለት ሽቦዎች ተገላብጠዋል። ቢነዝራችሁ ግን አምፑን ወዲያው ንቀሉ፤ ችግሩ ጊታሩ ውስጥ ላይሆን ይችላል፣ ግራውንድ የሌለው ሶኬት ወይም የተበላሸ አምፕ ነው፣ ባለሙያ ሳያየው አትመለሱበት።

ውፍረቱ ከ10 እስከ 46 የሚባለውን ክር አድርጉ፣ ቃኙ። መጀመሪያ የአንገቱ ጉብጠት፦ ወፍራሙን ክር 1ኛውና አንገቱ ከቦዲው የሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫኑ፤ 7ኛው ላይ ከፍሬቱ 0.25 ሚሊ ሜትር ይራቅ፣ ማለትም ሁለት ወይም ሦስት የጽሕፈት ወረቀት። ትረስ ሮዱን፣ ማለትም አንገቱ ውስጥ ሆኖ ጉብጠቱን የሚያስተካክለውን ብረት፣ በሩብ ዙር ብቻ አዙሩ፣ ክሩን ቃኙ፣ ደግማችሁ እዩ። ከዚያ ከፍታው፦ 12ኛው ፍሬት ላይ ቀጭኑ 1.6፣ ወፍራሙ 2 ሚሊ ሜትር። ሳድሎቹ መሬት ነክተውም ክሩ ከፍ ካለ ከጎድጓዳው ውስጥ፣ በብሪጁ በኩል ባለው ጫፍ፣ 0.25 ሚሊ ሜትር ስስ ታኮ አስገቡ። ያቺ ትንሽ ነገር ብሪጁ ጋ ሲደርስ ወደ 0.8 ታድጋለች። መጨረሻ ላይ 12ኛው ፍሬት ላይ የተጫነው ድምፅ እዚያው ክሩን ሳይጫኑ በመንካት ብቻ ከሚወጣው ድምፅ (ሃርሞኒክ) ከፍ ካለ ሳድሉን ወደኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደፊት። ቅደም ተከተሉን ብታፋልሱ ሁሉንም ትደግሙታላችሁ።

በሳምንቱ ትረስ ሮዱን መልሳችሁ እዩት፤ አዲስ ክር የጫነው አንገት ቀስ ብሎ ይጎብጣል። በጋ ሲገባ የጣት ሰሌዳው ደርቆ ሲኮማተር የፍሬቶቹ ጫፍ መዳፍ መቧጨር ቢጀምር፣ እንጨቱን በፕላስተር ሸፍናችሁ ጫፎቹን በቀጭን ሞረድ አለስልሱ።