በዝግተኛ ሻተር እንቅስቃሴን ሲያነሡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከላስታ አሸንድዬ፣ ከላሊበላ ገናና ከደሴ ሠርጎች ተነሥተው አስተያየት እንድሰጥባቸው ከሚመጡልኝ ፎቶዎች መካከል እጅግ የሚያሳዝነኝ ሁሉም ነገር የደበዘዘበት ነው። ጀማሪው ሻተሩን (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነውን መዝጊያ) ወደ 1/4 ሰከንድ አውርዶ፣ ካሜራውን በእጁ እንደያዘ የልጃገረዶቹን ጭፈራ ያነሣል፤ በፎቶው ላይ ግን ልጃገረዶቹም፣ ከኋላቸው ያለው ግንብም፣ ዛፉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተንሸራተው ይታያሉ። ምክንያቱን ስጠይቀው «እንቅስቃሴውን ለማሳየት ነው» ይለኛል። ግንብ አይጨፍርም! የተንቀሳቀሰው የአንሺው እጅ ነው፤ ተመልካቹም ይህን ወዲያው ያውቀዋል። ብዥታ እንቅስቃሴ መስሎ የሚታየው ጥርት ብሎ የቆመ ነገር በአጠገቡ ሲኖር ነው፤ ስለዚህ ሻተሩን ከመንካትዎ በፊት የሚቆመው ምን እንደሆነ ይወስኑ። በአሸንድዬ ጊዜ ዳር ቆመው የሚያጨበጭቡ እናቶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወይም ወገቧ ላይ የታሰረው ሣር ሲወዛወዝ ፊቷን ቀና አድርጋ ለአፍታ የረጋች ልጅ ልትሆን ትችላለች። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) ከሌለዎት ግድግዳ ተደግፈው፣ ክንድዎን ከጎንዎ አጣብቀው ደጋግመው ያንሡ፤ ከብዙው መካከል ጥቂቱ ይሳካል።

ሁለተኛው ስህተት አንድን ፍጥነት ለሁሉም ማዋል ነው። የወሎ እስክስታ ትከሻን በፍጥነት ሲያንቀጠቅጥ ፊት በአንጻሩ ይረጋል፤ በመሆኑም ከ1/30 እስከ 1/15 ሰከንድ ባለው ፍጥነት ትከሻው ሲደበዝዝ ፊቱ ሊለይ ይችላል፣ ወደ 1/2 ሰከንድ ከወረዱ ግን ፊቱም አብሮ ይጠፋል። በገና ዕለት በላሊበላ «ቤዛ ኩሉ» ሲዘመር በቤተ ማርያም ዙሪያ በዓለቱ ጫፍ ላይ የሚሰለፉት ካህናት ግን እርምጃቸው የረጋ ስለሆነ 1/15 የቆሙ ያስመስላቸዋል፤ እነርሱ 1/2 ሰከንድና ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። በደሴ ዳገት የሚወጣ ባጃጅ ደግሞ በ1/30 ገደማ በካሜራው እየተከተሉ የሚያነሡት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ሻተሩን እንደተጫኑ ካሜራውን በማቆማቸው ነው፣ ባጃጁ ካለፈም በኋላ ክትትሉ መቀጠል አለበት።

ደመና በሌለበት የቀትር ፀሐይ ያለ ፊልተር መሞከር ከንቱ ድካም ነው። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ሆኖ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚያልፍበትን የሌንስ ቀዳዳ) እስከ f/22 ቢያጠብቡት እንኳ ሻተሩ 1/60 ገደማ ላይ ይቆማል፣ ከመጠን በላይ የጠበበው አፐርቸርም የምስሉን ጥራት ይቀንሳል። ብርሃኑን በሦስት ስቶፕ፣ ማለትም ወደ አንድ ስምንተኛ፣ የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር (ሌንስ ላይ የሚገጠም ጠቆር ያለ መስታወት) ያንኑ ወደ 1/8 ያወርደዋል። ከነሐሴ 16 ጀምሮ የሚከበረው አሸንድዬ በክረምቱ ደመና ስለሚውል ብዙ ጊዜ ሥራውን ያቀልልናል።

ነጭ ልብስን በተመለከተ አጥብቄ የምመክረው አለ። ነጠላና ቀሚስ በጨለምለም ባለው ዓለት ፊት ሲንቀሳቀሱ ብርሃናቸው ግልጽ ዱካ ይተዋል፤ ጥቁር ልብስ በብሩህ ሰማይ ፊት ሲንቀሳቀስ ግን ሰማዩ እየበላው ይሳሳል። ስለዚህ ቦታዎን ከበስተኋላ ያለውን አይተው ይምረጡ፤ የነጠላው ጥለትና እጥፋት በብርሃን ብዛት እንዳይጠፋም ኤክስፖዠሩን (ምስሉ የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) ጥቂት ይቀንሱ።

ካሜራው ትራይፖድ ላይ ሲሆን በጣት መጫን ስለሚያናውጠው የ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪውን ይጠቀሙ።

በሠርግ ምሽት ፍላሽን ከዝግተኛ ሻተር ጋር የሚያጣምሩ ደግሞ ፍላሹ በሻተሩ መክፈቻ ላይ እንዲበራ ይተዉታል፤ ያን ጊዜ የብዥታው ዱካ ከጨፋሪው ፊት ለፊት ይወድቅና ሰውየው ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል። ፍላሹ ሻተሩ ሊዘጋ ሲል እንዲበራ ካስተካከሉት ዱካው ከኋላው ይከተለዋል።

የቦርከናን ውኃ በክረምት ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፍቶ ማንሣትም አያዋጣም፤ ደለል የተሸከመው ጎርፍ ያለ መሥመር የተለሰነ ጭቃ ይመስላል። ከ1/4 እስከ 1/2 ሰከንድ ቢያነሡት የፍሰቱ መሥመሮች ሳይጠፉ የውኃው ጉልበት ይታያል።