የተረፈ መድኃኒት ወደ ፍሳሽ እንዳይገባ እንዴት እናስወግደው?

ጊዜው ያለፈበትን ክኒን ሽንት ቤት ጥለን ውኃ እንለቅበታለን። የልጅ እጅ እንዳይገባ ብለን ነው። ግን መድኃኒቱ ከቤት ወጣ እንጂ አልጠፋም።

የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ በዋናነት የተሠራው ቆሻሻን ለማዝቀጥና የሚበሰብሰውን በባክቴሪያ ለማስበላት ነው። ፓራሲታሞልንና አይቡፕሮፌንን ባክቴሪያዎቹ በአብዛኛው ይጨርሷቸዋል። ለሚጥል በሽታ የሚታዘዘው ካርባማዜፒን ግን እንደገባ ይወጣል ማለት ይቻላል። የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክም የሚቀንሰው በከፊል ብቻ ነው። ስዊዘርላንድ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረጡ ጣቢያዎች እንዲህ ያሉትን ኬሚካሎች 80 በመቶ እንዲቀንሱ በሕግ አስገድዳለች። ለዚህም ኦዞን (ኬሚካልን የሚሰባብር ጋዝ) ወይም አክቲቭ ካርቦን (ኬሚካልን የሚይዝ ልዩ ከሰል) ይጠቀማሉ፤ ዋጋው ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ከፍሳሽ መስመር ጋር ያልተገናኘ ቤት ብዙ ነው። የከተማው ፍሳሽ በሚገባበት በአቃቂ ወንዝ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። ስለዚህ ከቤታችን እንጀምር።

መጀመሪያ መድኃኒት የምታስቀምጡበትን ቦታ ፈትሹ፤ ጊዜው ያለፈበትንና የማትፈልጉትን ለዩ።

ቀጥሎ ፋርማሲ ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ። አሜሪካ ያላችሁ፣ ብዙ ፋርማሲዎች የመመለሻ ሣጥን አላቸው፤ በየዓመቱ ሚያዝያና ጥቅምት አካባቢም አገር አቀፍ የመሰብሰቢያ ቀን አለ።

የሚቀበል ካጣችሁ ክኒኑን ከማሸጊያው አውጡ፤ አትፍጩት። ከቡና አተላ ወይም ከአፈር ጋር ቀላቅሉት። መቼም እኛ ቤት የቡና አተላ አይጠፋም! ሽሮፕም እንዲሁ። በፌስታል ጥብቅ አድርጋችሁ ቋጥሩና ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ጣሉት። እንደ ፈንታኒል ያሉ ኃይለኛ ማስታገሻዎች ግን መመሪያቸው ሽንት ቤት ይጣሉ ካለ እሱን ተከተሉ፤ ልጅ ቢውጣቸው ይገድላሉ።

ብዙ ሰው የማያስበው የሚቀባውን ነው። የዳይክሎፌናክ ጄል ስንቀባ ቆዳችን የሚወስደው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ቆዳችንና መዳፋችን ላይ ይቀራል፤ ስንታጠብ ቀጥታ ወደ ፍሳሽ። ስለዚህ ጉልበታችሁን አሽታችሁ ስትጨርሱ ወደ ቧንቧ አትሩጡ። እጃችሁን በሶፍት ጥርግ አድርጉና ሶፍቱን ቆሻሻ ውስጥ ጣሉ፤ ከዚያ ታጠቡ። ሻወርም ከመቀባት በፊት ይሁን። ማድረጉ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው።

በሽንት የሚወጣ አለ ብላችሁ የታዘዘላችሁን እንዳታቋርጡ፤ ሕክምናችሁ ይቀድማል። ለራስ ምታት ስትገዙ ግን ሙሉ ፓኮ አትውሰዱ፤ «አንድ ስትሪፕ ብቻ» በሉ።