ቫኪዩም ክሊነር በጅማ፦ ከመግዛት እስከ ካርቦን መቀየር

ጅማ ውስጥ ምንጣፍ ያነጠፈ ሰው ሁሉ ከቀዩ አፈር ጋር ትግል አለው። በበጋ ደቃቅ ብናኝ ሆኖ በመስኮት ይገባል፤ በክረምት ደግሞ ጭቃ ሆኖ በጫማ ይገባና ሲደርቅ በምንጣፉ ክር ውስጥ ይደላደላል። በመጥረጊያ ሲነካ ግማሹ ተነሥቶ ወንበርና መጋረጃ ላይ ስለሚያርፍ ቫኪዩም ክሊነር መግዛት ተገቢ ሐሳብ ነው። ችግሩ መሣሪያው ብዙ ሳይቆይ መቃጠሉና ጥፋቱ «ስሪቱ ነው» ተብሎ መታለፉ ነው። እኔም የመጀመሪያውን ያቃጠልሁት ዓመት ሳይሞላው፣ ቤት ካስቀባሁ በኋላ የጀሶውን ብናኝ ስስብበት ነው። ያ መሣሪያ ምንም ጉድለት አልነበረበትም።

የተቃጠለበትን ምክንያት ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። በሞተሩ ላይ የተተከለው ማራገቢያ በደቂቃ ከ20,000 ዙር በላይ እየተሽከረከረ አየር ወደ ውጭ ሲያስወጣ በመሣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ የክፍሉ አየርም ያን ጉድለት ለመሙላት በቱቦው ሲሮጥ አቧራውን ይዞ ይገባል። አቧራው በከረጢቱ ወይም በማጠራቀሚያው ይቀራል፤ አየሩ በፊልተር አልፎ ይወጣል። በአብዛኞቹ የቤት ውስጥ ዓይነቶች ታዲያ ያው አየር ከመውጣቱ በፊት በሞተሩ ጥቅል ሽቦዎች መካከል ስለሚያልፍ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውም እርሱ ነው። ስለዚህ ፊልተሩ ሲደፈን ጽዳቱ ከመጓደሉም በላይ ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው 15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ የመሳብም ሆነ የማቀዝቀዝ ዐቅሙ ከመነሻው ያን ያህል ቀንሶ ስለሚጠብቀን የፊልተር ንጽሕና እዚህ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሲመርጡ በዋት ብዛት አይታለሉ። ዋት መሣሪያው የሚበላውን ኤሌክትሪክ እንጂ የሚስበውን አቧራ አይናገርም። የአውሮፓ ኅብረት ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ900 ዋት በላይ የሚፈጁ የቤት ቫኪዩሞች በገበያው እንዳይቀርቡ ከልክሏል፤ በዚያው ደንብ ሞተሩ ቢያንስ 500 ሰዓት እንዲሠራ፣ ቱቦውም 40,000 ጊዜ ተወዛውዞ እንዳይቀደድ ግድ ብሏል። 500 ሰዓት ማለት በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት ለሚሠራ ቤት አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የሚጎድለው ጊዜ ነው። ከዚያ በታች የተቃጠለ መሣሪያ ወይ ከስሪቱ ደካማ ነበር፣ ወይ አያያዙ ገድሎታል።

ባለ ከረጢቱ ዓይነት አቧራ በመያዝ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የወረቀት ከረጢቱ ሲያልቅ ምትኩን ጅማ ላይ ማግኘት አድካሚ ስለሆነ፣ ታጥቦ የሚመለስ የጨርቅ ከረጢት ያለውን ይምረጡ። ከረጢት የሌለው ዓይነት አየሩን እያሽከረከረ አቧራውን ወደ ዳር ይወረውራል። ይህን አሠራር በቤት መሣሪያ ላይ ያስፋፋው እንግሊዛዊው ጄምስ ዳይሰን ከስኬት ለመድረስ 5,127 ናሙና እንደሠራ ይነገራል፤ ያም ሆኖ ከጀርባው ፊልተር አልቀረም፤ የኛን ደቃቅ አፈር የሚያስቀረውም ያ ፊልተር ነው። ለጅማ ቤት የእኔ ምርጫ በርሜል መሰሉ፣ ደረቅም እርጥብም የሚስበው ነው። ይጮኻል፣ መልኩም አያምርም፤ ነገር ግን በአብዛኞቹ ላይ ሞተሩ ለማቀዝቀዣ ብቻ የተለየ አየር ስለሚያገኝ ፊልተሩ ቢደፈን እንኳ ቶሎ አይግልም።

ሱቅ ውስጥ ሳያስነሡ አይግዙ። መጀመሪያ የጀርባ ጽሑፉን ያንብቡ፤ 220 ወይም 220–240 ቮልትና 50 ኸርዝ ማለት አለበት። 120 ቮልት የሚለውን ያገለገለ ዕቃ ዋጋው ቢረክስም ይተዉት፤ የሚያስፈልገው ትራንስፎርመር ርካሽነቱን ይበላዋል። ከዚያ አስነሥተው የቱቦውን አፍ በመዳፍዎ ይድፈኑት፤ አየር የሚገፋበት ሥራ ስለሚቀንስለት ሞተሩ ፈጥኖ ድምፁ ሊቀጥን ይገባል። ድምፁ ካልተለወጠ አየር በሌላ ቦታ እየሾለከ ነውና የጎማ ማሸጊያዎቹን ይመልከቱ። ከፍተኛ ፉጨት ወይም መንገጫገጭ ከተሰማ ኩሽኔታው ተበልቷል ማለት ነው። በመጨረሻ ባለሱቁን ስለ ዋስትናው ሳይሆን ፊልተርና ካርቦን (ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውና እየተፋተገ የሚያልቀው ጥቁር ቁራጭ) ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ይጠይቁት፤ ከቻሉም ሁለተኛ ፊልተር አብረው ይግዙ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ለዓመታት የሚያገለግለው የሚሽከረከር ነገር ስለሌለውና ሽቦው ቢበጠስ የሰፈር ባለሙያ ስለሚቀይረው ነው፤ ሞተር ላለው ዕቃ ይህን ዕድል የምንሰጠው መለዋወጫ በማግኘት ብቻ ነው።

ወደ አጠቃቀሙ ስንመጣ፣ የጅማ ቤት ያለ ቡና አይታሰብምና ከቡናው እጀምራለሁ። ቄጠማውን በእጅ ሰብስበው ያውጡ፤ ረጃጅሙ ሣር በብሩሹ ላይ ይጠመጠማል፣ በቱቦው ክርንም ይወሸቃል። ፈንዲሻው ምንም አይልም። የከሰል አመድን ግን ቀዝቅዟል ብለው እንኳ አይሳቡ፤ በመካከሉ የተዳፈነ ፍም ቢኖር ነፋስ ሲያገኝ ይቀጣጠላል፣ ከረጢቱንም ያነድዳል፤ ፍም ባይኖር እንኳ አመድ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ፊልተሩን በአንድ ጊዜ ይደፍነዋል። ጀሶና ሲሚንቶም እንደዚሁ ናቸው። የክረምት ጭቃ እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ እርጥብ አፈር በደረቅ መሣሪያ ቱቦ ውስጥ እንደ ምርግ ይለጠፋል። ማጠራቀሚያውን እስኪሞላ ሳይጠብቁ፣ ግማሽ ሲደርስ ይድፉት።

ፊልተሩ የሚታጠብ መሆኑን መመሪያው ላይ ያረጋግጡ፤ የወረቀት ከሆነ ደጅ ወጥቶ ቀስ ብሎ ይራገፋል እንጂ ውኃ አይነካውም። በሚታጠበው ላይ ያለ ሳሙና ውኃ በቀስታ፣ ከንጹሑ ወገን ወደ ቆሻሻው ያፍስሱበት። ዋናው ጥንቃቄ ማድረቁ ላይ ነው። አምራቾች ብዙውን ጊዜ 24 ሰዓት ይበቃል ይላሉ፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጅማ ውስጥ ግን ሁለት ሦስት ቀን ሊፈልግ ይችላል። እርጥቡን ከመለሱት አቧራው በላዩ ላይ ጭቃ ይሆናል፣ ይሻግታል፣ ከዚያም ቤቱ ሁሉ ይሸታል። ከሰል ላይ ማሞቅም ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። ሁለተኛውን ፊልተር አስቀድመው እንዲገዙ የመከርሁት ለዚህ ነው።

ኤሌክትሪኩን በሚመለከት፣ 2,000 ዋት የሚፈጅ ቫኪዩም 9 አምፔር ያህል ስለሚስብ ምጣድ በበራበት መስመር ላይ ወይም በቀጭን ዲቫይደር አይሰኩት። ተጠቅልሎ የሚገባ ገመድ ካለው እስከ መጨረሻው ይዘርጉት፤ የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱን ማስወጣት ስለማይችል ይቀልጣል። መብራት ሲጠፋ ስፒናውን ይንቀሉ። የኃይል መውረድ ይህን ዓይነት ሞተር ከማዝገም በቀር ብዙም አይጎዳውም፤ የሚጎዳው መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚከተለው ድንገተኛ ከፍታ ነው፤ ፍጥነት መቆጣጠሪያውን ያቃጥላል። ፍሪጅ ግን በዚህ ይለያል፤ የእርሱ ሞተር በአነስተኛ ኃይል ለመነሣት ሲታገል ይግላልና መከላከያ መሣሪያ ያስፈልገዋል፣ መብራት ሲመለስም ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይታገሡት።

ቫኪዩሙ በሥራ መካከል በራሱ ጠፍቶ ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ በራሱ ከተነሣ አልዳነም። የሙቀት መከላከያው ቆርጦት ነበር ማለት ስለሆነ ነቅለው ቱቦውን፣ ብሩሹንና ፊልተሩን ይፈትሹ። የአየር መንገዱ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ኃይሉ ከደከመ፣ ወይም እየተቆራረጠ ከሠራ፣ ካርቦኖቹን ይጠርጥሩ። እነዚህ በሚሽከረከረው የሞተሩ ክፍል ላይ ካለው መዳብ ጋር እየተፋተጉ ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉ ሁለት ጥቁር ቁራጮች ናቸው፤ ማለቃቸውም ተፈጥሯቸው ነው። ስፒናውን ነቅለው፣ ቪቴዎቹን በካቻቪቴ ፈትተው፣ እያንዳንዱን ደረጃ በስልክዎ ፎቶ እያነሡ ይክፈቱ። ሲሶ ያህል ብቻ ቀርተው ካገኟቸው አንዱ ቢረዝምም ሁለቱንም በአንድ ጊዜ፣ ልካቸው በሆነ ይቀይሩ። አዲሶቹ ከመዳቡ ጋር እስኪላመዱ መሣሪያውን ለጥቂት ደቂቃ ያለ ሥራ በዝቅተኛ ፍጥነት ያስኪዱት። በዚህ ጊዜ ጥቃቅን ሰማያዊ ብልጭታ ማየት የተለመደ ነው፤ እሳቱ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ከከበበው ግን ወዲያው ያጥፉትና መዳቡን እንዲያይልዎ ሞተር ለሚጠቀልል ባለሙያ ይውሰዱት።