ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ፦ የዘርዓ ያዕቆብን አጽም ለማየት

ባሕር ዳር ገብታችሁ "ጣና" ስትሉ ባለጀልባው ሁሉ የሚጠራላችሁ ዘጌን ነው። ዘጌ ቅርብ ነው፣ ደግሞም ያምራል። ነገሥታቱ ያሉት ግን ዳጋ ደሴት፣ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። ይኩኖ አምላክ፣ ዳዊት፣ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ዘድንግል፣ ፋሲል፣ የሁሉም አጽም እዚያ ነው። መጽሐፍ ለሚወድ ሰው ግን ከሁሉም የሚበልጠው ዘርዓ ያዕቆብ ነው፤ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ነግሦ፣ አገር እያስተዳደረ እነ መጽሐፈ ብርሃንን የደረሰ ንጉሥ። "ሐተታ" የተባለው የፍልስፍና መጽሐፍ ላይ ያለው ዘርዓ ያዕቆብ ሌላ ሰው ነው፣ እባካችሁ እዚያ ወጥታችሁ አባቶችን ስለሱ እንዳትጠይቁ።

ሴት ዳጋ አትገባም። ይህን ሳትነጋገሩ ጀልባ ላይ እንዳትወጡ፣ ግማሹ ሰው ወደብ ላይ ያኮርፋል። እህቶች ካሉ አጠገቡ ያለው ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴ ይግቡ፤ እቴጌ ምንትዋብ ያሠራችው ነው፣ እሷም ከእመቤታችን ሥር ወድቃ ተሥላለች፣ እኔን ብትጠይቁኝ በሥዕል ዳጋን ያስንቃል።

ጀልባውን ከዋዜማው ተነጋገሩ። ዋጋው ለሰው ነው ለጀልባ? ነዳጁስ? የት የት ደርሶ ነው የሚመለሰው? ግማሹን ስትነሱ፣ ግማሹን ስትመለሱ ክፈሉ። ላይፍ ጃኬት የሌለው ጀልባ በነፃ ቢሰጣችሁም ይቅርባችሁ። ቀርፋፋው ጀልባ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁ ይናወጣል፣ ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውኃው ላይ ሁኑ። ዘጌንም በዚያው ቀን ልጨምር የሚል ሰው አይጠፋም፤ አትስሙት።

ደሴቱ ሾጣጣ ኮረብታ ነው፣ ገዳሙም አናቱ ላይ። ውኃና ቆሎ ያዙ። ባዶ እጅ ከመሄድ ጧፍ ወይ ዕጣን ይዞ መሄድ ጥሩ ነው፣ የመግቢያውን ደግሞ በጥሬ ብር፣ ዝርዝር አድርጋችሁ። መጀመሪያ "አባ፣ ይፍቱኝ" ብላችሁ መስቀል ተሳለሙ፣ ከዚያ ዕቃ ቤቱን እንዲያሳዩአችሁ ለምኑ። ቁልፉን የያዙት አባት ቅዳሴ ላይ ከሆኑ ጠብቁ፣ ማጣደፍ አያዋጣም። ጫማ ይወልቃል። ሣጥኖቹ መስታወት ስላላቸው አጽሙ ከውስጥ ይታያል፤ ቀረብ ብላችሁ እዩ፣ መስታወቱን ግን አትደገፉ። ፎቶ ሳታስፈቅዱ አይሆንም፣ "አይቻልም" ከተባላችሁም ስልኩ ኪስ ይግባ።

ባለጀልባው ታች ሆኖ መደወል ከጀመረ ነፋሱ መጥቷል ማለት ነው፣ ውረዱ።